የግራ ጎማ ኮፒሊያ

ሰፈሩ «ጋሽ ድገመው» የሚል ስም ያወጣለት በክፋት አይደለም። ሰውየው ቤቱን ቆልፎ ዐሥር እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። ደብዳቤ ጽፎ ካሸገ በኋላ ፖስታውን ቀድዶ እንደገና ያነበዋል፤ ከዚያ ሌላ ፖስታ ፍለጋ ቤቱን ያምሳል። ውሃ ቀጠነ የሚሉት ዓይነት ሰው ነው። ሥራው ደግሞ ጠባዩን አባሰበት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኖ አገልግሏል። የመመዘኛ ብረቶቹን በቆዳ ቦርሳ ተሸክሞ ከሥጋ ቤት እህል መደብር፣ ከእህል መደብር ወርቅ ሠሪ ቤት እየዞረ የሰው ሚዛን ሲፈትን ኖረ። ሰው ሁሉ አጭበርባሪ ነው አይልም፤ ሰው ሁሉ ይሳሳታል ግን ይላል። ከዚያ «ሰው ሁሉ» ውስጥ ራሱን ቆጥሮ አያውቅም ነበር።

ይህ ጥንቁቅ ሰው በዕድሜው አንድ እብደት ሠርቷል ከተባለ መኪናዋ ናት። ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀራት ቀይ ስፖርት መኪና። ያገኛት ከአንድ ጥርስ ሐኪም ጓሮ ነው፤ ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሎ፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላባት። በጋሪ አስጎትቶ አመጣትና ከቤቱ ጎን ባለችው ጋራዥ አስገባት። ጋራዧ ጠባብ ናት፤ አንድ መስኮት፣ ከአሮጌ በር የተሠራ የሥራ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳው ላይ የማርማላታ ጠርሙሶች በረድፍ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ በተቆጣጣሪ የእጅ ጽሑፍ «የኮፈን ብሎን፣ ግራ»፣ «የኮፈን ብሎን፣ ቀኝ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የግራውና የቀኙ ብሎን አንድ ዓይነት መሆኑን ሰው ቢነግረው አይሰማም።

ዕውቀቱ ግን የታናሽ ወንድሙ ነበር። ታናሽየው የከተማ አውቶቡሶች በሚጠገኑበት ጋራዥ የጎማና የፍሬን ክፍል መካኒክ ነው፤ በዚያ ጋራዥ እጁ የተመሰከረለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ቱታውን ያጠልቃል፤ ሲያፏጭ ይውላል። እሱ ያጠበቀውን ብሎን ደግሞ ታላቅየው ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ይፈታና እንደገና ያጠብቀዋል።

«ጋሼ፣ እኔ ያጠበቅሁት ብሎን ባንተ እጅ ካላለፈ ብሎን አይባልም ማለት ነው?» ይለው ነበር እየሳቀ።

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ይላል ድገመው።

«ቢሆንም መኪና ነው እኮ፣ ሽሮ አይደለም።»

እንዲህ እየተባባሉ ስድስት ዓመት ሠሩ። እውነቱን ለመናገር ድገመው በሕይወቱ ከእነዚያ ቅዳሜዎች የበለጠ ደስታ አላየም። ያኔ አላወቀውም እንጂ።

መኪና ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። የፊት ጎማ በሚዞርበት ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ አለ፤ ጎማውን ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው። ዳዶው እየተፈታ እንዳይሄድ ደግሞ ዳዶውንና ዘንጉን በስታ የምታልፍ፣ ሁለት እግር ያላት፣ ከክብሪት እንጨት ብዙም የማትበልጥ ሽቦ ትሰካና እግሮቿ ይታጠፋሉ። መካኒኮች ኮፒሊያ ይሏታል። ከላይ እንደ ቆርኪ ያለ ክዳን ይመታበትና ሁሉም ይሸፈናል። ታናሽየው የሚጠቀመው የአውቶቡስ ጋራዡ አልፈልግም ብሎ ከጣለው ሳጥን ያገኛቸውን ቢጫ የነሐስ ኮፒሊያዎች ነበር። አንዷን እግር ወደ ላይ ያጥፋታል፤ ሌላዋን በፒንሳ አግድም ይቆርጣታል። ሌላ ሰው እንዲህ ሲቆርጥ ድገመው አይቶ አያውቅም።

መኪናዋ ያለቀችው አንድ ቅዳሜ ነው። የመጨረሻው ሥራ የፊት ጎማዎቹን ኩሽኔታ መቀየር ነበር። ታናሽየው ቀኙንም ግራውንም ገጠመ፤ እጁን በጋዝ ታጠበ፤ «ጋሼ ጨርሻለሁ፣ ልጄ ትጠብቀኛለች» ብሎ ሄደ። በማግስቱ እሑድ ጠዋት ድገመው ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ሲያልቅ እወስድሻለሁ» ስትባል የኖረች ሴት ናት፤ ነፋሱ ጸጉሯን እንዳይበታትነው ሻሽ አስራ፣ እንደ ሙሽራ ቀና ብላ ተቀመጠች። ከከተማው ወጥተው ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄዱ ድገመው አንድ ጎማ በግራ በኩል ቀድሟቸው ሲንከባለል አየ። የማን ጎማ ነው ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አላገኘም። የራሳቸው ነበር።

እሱ ግንባሩ ተላጠ። ሚስቱ ዳሌዋ ተሰበረ። አራት ወር ተኛች፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ከዘራ አትሄድም።

ታናሽየው እያለከለከ ሆስፒታል ሲደርስ ድገመው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ኮፒሊያዋን አላስገባሃትም» አለው።

«አስገብቻለሁ ጋሼ!»

«ቀዳዳውን አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው። ገብታ ተሰብራ ቢሆን ስባሪዋ እዚያው ይቀር ነበር። አስገብተሃል?»

«አስገብቻለሁ... መሰለኝ።»

«መሰለኝ የሚባል ሚዛን የለም!»

ታናሽየው እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ጥፍሮቹ ሥር የትናንቱ ግራሶ አልለቀቀም ነበር። «እንግዲህ ረስቼ ይሆናላ» አለ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የድገመው ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ አስቦበት፣ አንድ ሳምንት አድሮበት፣ ክራቫት አስሮ የአውቶቡስ ጋራዡ ኃላፊ ዘንድ ሄደ። «ወንድሜ ነው፤ ግን ሕዝብ የሚሳፈርበት አውቶቡስ ነው። ዝም ብል ሕሊናዬ ይወቅሰኛል» አለ። ታናሽየው ከጎማና ፍሬን ክፍል ተነሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ። ዓመት ሳይሞላው ለቀቀ። አሁን አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ መዛኝ ነው። ከዚያ ወዲህ መፍቻ ሲይዝ ያየው የለም። ወንድማማቾቹም ቀብር ካላገናኛቸው አይገናኙም፤ ሲገናኙም እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ስለ ዝናብ ያወራሉ።

መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሳ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተቀመጠች።

ድገመው ጡረታ በወጣ በሦስተኛ ሳምንቱ፣ ቤት መዋል ሲሰለቸው፣ ጋራዡን ከፈተ። ያን የመጨረሻ ቅዳሜ እሱ ራሱ ለብሶት የነበረው ቱታ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። አቧራውን አራግፎ ለበሰው፤ ሆዱ ላይ አልቆለፍ አለው፤ ብቻውን ሳቀ። እርሳስ ፍለጋ እጁን የደረት ኪሱ ውስጥ ሲከት አንድ ነገር ጣቱን ወጋው። አወጣና ወደ መስኮቱ ይዟት ሄደ።

ቢጫ የነሐስ ኮፒሊያ ናት። አንዷ እግሯ አግድም ተቆርጣለች። ሌላዋ ላይ ታጥፋ የተቃናችበት ጠባሳ ይታያል። ያልገባች ኮፒሊያ ጠባሳ የላትም። ይህች ገብታ፣ ታጥፋ፣ ከዚያ በፒንሳ ተቃንታ የወጣች ናት።

ድገመው የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ነገሩ ሁሉ ተራ በተራ መጣለት። ወንድሙ ከሄደ በኋላ እንደ ልማዱ ሊደግም ክዳኑን አነሣ። ኮፒሊያዋን አወጣ፤ እንዳትጠፋ ደረት ኪሱ ከተታት። ዳዶውን በራሱ እጅ ሊያጠብቀው ፈታው። ያኔ ሚስቱ በማድ ቤቱ መስኮት «ስልክ!» ብላ ጠራችው። ስለ አንድ ሥጋ ቤት ሚዛን የቀረበ አቤቱታ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት አወራ። ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ክዳኑን አየ። አንሥቶ ቦታው ላይ መታው። አሁን ከሳጥኑ ተነሥቶ የሥራ ደብተሩን ከመደርደሪያው አወረደ፤ ገጹን አገኘው። በራሱ እጅ፣ በራሱ ቀለም «ግራ የፊት ጎማ፦ ተፈትሿል» ይላል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

በዚያችው ሰዓት ወደ ወንድሙ መሄድ ነበረበት። አውቶቡስ ፌርማታው ከበሩ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ቱታውን ሳያወልቅ ቢሄድ እንኳ ማንም አይስቅበትም ነበር። እሱ ግን «ባዶ እጄን ምን ብዬ እቆማለሁ?» አለ። መኪናዋን እጠግናታለሁ፤ አሳምሬ እነዳታለሁ፤ ኮፒሊያዋንም ቁልፉንም አብሬ አስረክበዋለሁ አለ። ይህን ሲያስብ የሚያምር ነገር መሰለው። ፈርቶ ነው። ኮፒሊያዋን በክር አስሮ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ሚስማር ላይ ሰቀላትና ሥራ ጀመረ። ለሚስቱም አልነገራት፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።

ሥራው እንዴት እንደሄደ መገመት አያዳግትም። ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበው፤ ገጠመው፤ «አንድ ጊዜ ልድገመው» ብሎ ፈታው። የፍሬን ቱቦዎቹን ቀየረ። ዝገቱን ፋቀ፤ ቀባ፤ ቀለሙ አልጣመውም፤ እንደገና ፋቀ። በአራተኛው ወር ከፍሬኑ አየር ማስወጣት ሆነ። ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ ብሎኗን ይፈታል፣ ያጠብቃል። ድሮ የሚረግጠው ድገመው፣ የሚተኛው ወንድሙ ነበር። አሁን ሚስቱን ለመናት። ከዘራዋን በሩ ላይ አስደግፋ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልነካችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ርገጪ» አለ ከሥር። ረገጠች። «ያዢ... ያዢ... ልቀቂ።»

አራት አምስት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

«ርገጪ።»

ፔዳሏ አልወረደችም።

«ርገጪ እንጂ! ምን ሆንሽ?»

«ይቺ በክር ያንጠለጠልካት ምንድን ናት?» አለችው።

ድገመው መኪናዋ ሥር እንደተኛ ነው። ከሷ የሚታየው አንድ ጫማ ብቻ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አፉ የተፈታለት፤ ፊቷን እያየ አይችለውም ነበር። ከኪሱ ጀምሮ እስከ ደብተሩ ድረስ ሁሉንም ነገራት።

«የጠራሁህ እኔ ነኝ» አለች። «ስልክ ብዬ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ? እኔ ነኝ።»

«አንተ መሆንህንማ አውቃለሁ። መቼ አገኘሃት?»

«አራት ወር ሆነኝ።»

«አራት ወር! አንተ ሰውዬ፣ አራት ወር ሙሉ እዚህ ተኝተህ ቀለም ትፍቃለህ? ተነሥ፣ ዛሬውኑ በአውቶቡስ እንሂድ።»

«መኪናዋ ትለቅና በሷ...»

«ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ ወይስ መኪናዋ?»

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አለ፤ ልማድ ሆኖበት።

«አንተ እኮ ሳትቸኩል ነው ያፈሰስከው» አለችው።

እኔ ልንገረው ብላ ተነሥታ ነበር። ድገመው በግራሶ እጁ ቀሚሷን ይዞ «ከኔ አፍ ይስማ፣ ተይልኝ» ብሎ ለመናት። እሷም ከሱ አፍ መስማት ይገባዋል ብላ ተወችለት። በየሳምንቱ ግን በማድ ቤቱ መስኮት ብቅ እያለች «ዛሬስ?» ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። የበር ማጠፊያ ይቀራል፤ የወንበር ስፌት ይቀራል፤ የጣሪያው ሸራ ይቀራል። ነገ ዛሬ ሲል ዐሥር ወር ጨመረ።

በዐሥራ አራተኛው ወር፣ አንድ የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መጋዘኑ ግቢ ገባ። መኪናዋ እውነትም ታምር ነበር። ጆንያ ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን እንደያዙ ቆመው አዩዋት። ታናሽየው ትልቁ የወለል ሚዛን አጠገብ የጆንያ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔ ይዞ ቆሟል፤ ጸጉሩና ቅንድቡ ዱቄት ለብሷል፤ ወይም ሸብቷል፤ ከሩቅ አይለይም። መኪናዋን ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው የግራው የፊት ጎማ ላይ ነው።

ድገመው ወረደ፤ ግን አልሳመውም። መንገድ ሙሉ ያጠናው ንግግር ጠፋበት። እጁን ዘረጋና መዳፉን ከፈተ።

ታናሽየው ኮፒሊያዋን አነሣት። ወደ ብርሃኑ አዞራት። የተቆረጠችውን እግር በአውራ ጣቱ ዳሰሳት፤ ከዚያ ጠባሳውን። ማንም ያስረዳው አልነበረም፤ መካኒክ ነው፣ አነበባት።

«ገብታ ነበር» አለ።

«ገብታ ነበር። እኔ ነኝ ያወጣኋት። ልድገም ብዬ... ከዚያ ስልክ ተጠራሁ... ረሳሁ። እኔ ነኝ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።»

ታናሽየው የሰማው አይመስልም። «ገብታ ነበር» አለ እንደገና፤ ፊቱ ላይ የድሮው ልጅነቱ ለአንድ አፍታ ብልጭ አለ። ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ታውቃለህ ጋሼ፣ ቤት ስተኛ የምድጃውን መዝጊያ ሦስቴ እየተነሣሁ ነው የማየው። ብረሳስ እያልኩ። ልጄ ትስቅብኛለች፤ እንደ አጎቴ ሆንክ ትለኛለች። አንተ ስለተቆጣኸኝ አይደለም። እኔም አመንኩት። በገዛ እጄ ላይ መሰከርኩበት።»

ድገመው እንባው መጣ፤ አልጠረገውም።

«መቼ አገኘሃት?» አለው ታናሽየው።

ትናንት ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሚስቱም ብትሆን አታጋልጠውም።

«ዐሥራ አራት ወር ሆነኝ» አለ።

ታናሽየው ቀና ብሎ አየው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ለድገመው ይሻለው ነበር።

«የአውቶቡስ ጋራዡ አዲሱ ኃላፊ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር» አለ። «ማሠልጠኛ ከፍተናል፣ ጎማና ፍሬን አንተ አስተምርልን አለኝ። በየትኛው እጄ? አልኩት። ሦስት ቀን ተመላለሰ። እንቢ አልኩ። ሌላ ሰው ቀጠሩ።»

«መቼ ነው?»

«ስምንት ወር ይሆነዋል።»

ድገመው ሒሳብ አይስትም። ዐሥራ አራት፣ ሲቀነስ ስምንት። ኮፒሊያዋ ሚስማር ላይ ከተንጠለጠለች ስድስት ወር ሆኗት ነበር። ሚስቱ በአውቶቡስ እንሂድ ካለችው ደግሞ ሁለት ወር። በዚያ ሳምንት እሱ ምን ይሠራ እንደነበር ሳይቀር ትዝ አለው፤ የበሩን ቀለም ለሦስተኛ ጊዜ እየፋቀ ነበር።

ቁልፉን አውጥቶ ዘረጋለት። «ያንተ ናት። ላንተ ብዬ ነው የሠራኋት።»

«መኪና ምን ያደርግልኛል ጋሼ?» አለ ታናሽየው በለሆሳስ፤ የወንድሙን ጣቶች በቁልፉ ላይ መልሶ አጠፋቸው። ኮፒሊያዋን ግን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከትቶ አዝራሩን ቆለፈባት። «ይቺ የኔ ናት።»

የጫነ መኪና ግቢው በር ላይ ጥሩምባ ይነፋ ጀመር። ድገመው ወንበሩ ላይ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። ማርሽ ሊያስገባ ሲል «ቁም!» አለው ወንድሙ።

መጥቶ የግራው የፊት ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለ። የጆንያ ገመድ መቁረጫ ቢላውን አውጥቶ ክዳኑን ፈለቀቀ። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ክዳኑን መልሶ በመዳፉ ሦስት ጊዜ መታው።

«አለች» አለ ተነሥቶ። «ሂድ።»

«ቅዳሜ ብቅ ትላለህ?»

«ቅዳሜ ሥራ አለኝ ጋሼ» አለ ታናሽየው፤ ጠመኔውን አንሥቶ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

ድገመው ከግቢው ወጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ጥጉ ጋ ሲደርስ ያቆማል፤ ይወርዳል፤ ክዳኑን በእጁ ነክቶ ያረጋግጣል። ያን ቀን አልወረደም። ቤቱ እስኪደርስ ድረስ አልወረደም።